ከሥር የሚሄደው ድምፅ

ዙሪክ አጠገብ ባለችው በኡስተር ከተማ በምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት የልብስ ማጠቢያ ተራዬ በደረሰ ቁጥር፣ ከማሽኑ የሚወጣው የሳሙና እንፋሎትና የርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ሳልፈቅድለት ወደ ሜራን ይመልሰኛል። ዛሬም የታላቅ እኅቴን የጽጌን የሆስፒታል ፒጃማ ላጥብ ወርጄ እንደዚሁ ሆንኩ።

ጄኔቭ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ሜራን ባደግንበት ረጅም ሕንፃ፣ ሦስት እኅትማማቾች ዘፈን የምንለማመደው በዚህ ዓይነት ምድር ቤት ነበር፤ ባዶው ግድግዳ ድምፃችንን አወፍሮ ይመልስልናል፣ የማሽኑ መዞር ምቱን ይጠብቅልናል፣ ልብሱን ለመጭመቅ ሲፈጥን ግን ዘፈናችንም ሳንወድ አብሮ ይፈጥን ነበር። እናታችን እዚያው አቅራቢያ ግራንድ ሳኮኔ በሚባል ሰፈር አንዲት አሜሪካዊት ዲፕሎማት ቤት ትሠራ ነበርና፣ ሴትየዋ አገር ስትለቅ ከተወቻቸው ዕቃዎች መካከል እኅትማማቾች የሚዘፍኑበትን የድሮ የካንትሪ ሙዚቃ ካሴት ይዛልን መጣች። አዲስ አበባ ሳለች እንዲህ ያለውን ዘፈን በራዲዮ ትወደው ስለነበር፣ ከሥራ ስትገባ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቁጭ ብላ «እስቲ ልጆቼ፣ ያቺን የባቡሯን» ትለናለች። በፈረንሳይኛ የምንማር ልጆች እንግሊዝኛውን ባንረዳውም፣ ባቡሩ የሚወደድ ሰው ይዞ እንደሄደ ከፊቷ እናነበው ነበር።

ዋናውን ዜማ የምትይዘው ጽጌ ነበረች፤ ታናሻችን ማሕሌት ከላይ ትንሳፈፋለች፤ እኔ ከሥር እሄዳለሁ። የእኔ ድርሻ ለብቻው ሲሰማ ዘፈን አይባልም፤ ከሁለቱ ጋር ሲሆን ብቻ ትርጉም የሚያገኝ ማጉረምረም ነው።

አንድ ጊዜ እዚሁ ኡስተር የአገር ሰው ሠርግ ላይ እንድንዘፍን ተጠርተን በባቡር መጣን። ወገኖቻችን አብሮ መዝፈንን በአንድ ዜማ መሄድ አድርገው የሚያውቁ ናቸውና፣ ገና ከመጀመራችን አንዲት ትልቅ ሴት ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ በፍጹም ርኅራኄ «የኔ ልጅ፣ አትፍሪ፤ ስተሻል፤ ዝም ብለሽ እኅትሽን ተከተያት» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ።

ጽጌ ዘፈኑን አቋርጣ «እትዬ፣ አልሳተችም! እሷ ካልያዘችን እኛ እንወድቃለን» አለቻቸው።

«ውደቁ፣ እኔ አነሣችኋለሁ!» አሉና ሴትዮዋ ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ፤ ሳቁ እጥፍ ሆነ። ኋላ የዶክትሬት ማዕረጌን የሰጡኝ ፈታኞች እንኳ ስለ እኔ ጽጌ የተናገረችውን ያህል ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር አልተናገሩም።

ማሕሌት በመኪና አደጋ ሞተች፤ እናታችን ብዙ ሳትቆይ ተከተለቻት። ባለፈው ክረምት ደግሞ ጽጌን ስትሮክ መታትና ንግግሯን ወሰደው። ዙሪክ ሆስፒታል ያለችው ሐኪሟ፣ ንግግር የጠፋባቸው ሰዎች በልጅነታቸው የዘፈኑትን ሲሰሙ ቃል የሚመለስላቸው ጊዜ እንዳለ ነገረችኝ። ይህን የመሰለ ተስፋ ለሰው መስጠት ጭካኔ መሆኑን አላወቀችም። የካሴቱን ዘፈን ከኢንተርኔት ፈልጌ አሰማኋት፤ የማታውቃቸው ሰዎች ጭውውት ይመስል ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። የጎደለው የእኛ ድምፅ ነው ብዬ ትናንት ከሰዓት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ራሴ ዘፈንኩላት። የእሷን ዜማ ለመያዝ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ጉሮሮዬ ግን ሳያማክረኝ ወደ ለመደበት፣ ወደ ሥር ወረደ። በመጨረሻ ተውኩትና የራሴን ድርሻ፣ ያን ማጉረምረም፣ ከላዩ ምንም ሳይኖርበት እስከ መጨረሻው ዘፈንኩት።

ጽጌ አዳመጠችኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ትጀምራለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጀመረችም። የምትታዘዝላትን እጇን ቀስ ብላ አንሥታ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ በዓይኗ ውስጥ ያየሁት በሠርጉ ላይ «ስተሻል» ያሉኝን የእነዚያን ሴት ርኅራኄ ነበር።

ማሽኑ አሁን መጭመቅ ጀምሯል። ከሦስቱ ድምፅ የተረፈው፣ ሰው ሁሉ «ስሕተት ነው» የሚለው የእኔው ድምፅ ነው፤ ስሕተት አለመሆኑን የምታውቅ አንዲት ምስክር፣ ጽጌ፣ ነበረችኝ።