ሊቡሼ፣ አይጦቿና የመጨረሻዋ እንቁላል

ሊቡሼ ማሊኮቫ በየማለዳው እጇን እስከ ክርኗ ድረስ ሽታ በሌለው ሳሙና ትታጠብና ጓሮ ወዳለው የድሮ የልብስ ማጠቢያ ቤት ትሄዳለች። በሩን ከመክፈቷ በፊት በጣቷ ቀስ አድርጋ ታንኳኳለች። ውስጥ ያለው ኮሽታ ለአፍታ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ያኔ ትገባለች። ሳታንኳኳ ብትገባ እናቶቹ ይደነግጣሉ፣ የደነገጠች እናት ደግሞ ልጆቿን ትረግጣለች።

ከወለል እስከ ጣሪያ በተሠሩት መደርደሪያዎች ላይ የሽቦ ክዳን ያላቸው ሳጥኖች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ወንድና ጥቂት ሴት አይጦች ይኖራሉ። ሰጋቱራውን ከአናጺው ታመጣለች፤ የጥድ ከሆነ ትመልስለታለች፣ የጥድ ሽታ ሳምባቸውን ይጎዳዋልና። አጃና ሱፍ ትገዛለች። ዳቦ ግን ለአይጦቹ ገዝታ አታውቅም። ጎረቤቶቿ የደረቀባቸውን ዳቦ በከረጢት እያደረጉ የግቢዋ በር ላይ ይሰቅሉላታል፤ በእኛ ከተማ ጥንቸል ለሚያረባ ሰው እንደሚደረገው ማለት ነው። የፖስታ ቤቷ ወይዘሮ ሆርኮቫ ብቻ «ለአይጥ ዳቦ አልሰጥም» ብለው ነበር። የልጅ ልጃቸው እባብ ገዝቶ የመጣ ሳምንት ሐሳባቸውን ለወጡ።

አይጦቹ የእባብ ምግብ ናቸው። በዚህች የሞራቪያ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች እባብ የሚያሳድጉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ የጥርስ ሐኪም አለ፣ የሙዚቃ መምህርት አለች፣ የአውቶቡስ ሹፌር አለ። ቅዳሜ ጠዋት በጓሮ በኩል እየመጡ የሚያስፈልጋቸውን ይወስዳሉ። ዋናው ደንበኛዋ ግን እዚያው ቤት፣ ፎቅ ላይ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ኦታካር ነው።

ኦታካር እባብ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ነው፤ አይጥ መግደል ግን አይችልም። ሞክሮ ያውቃል። አይጧን ይዞ ለረጅም ጊዜ ከቆየ በኋላ መልሶ ሳጥኗ ውስጥ አስገባት። ስለዚህ ትልልቆቹን የምትገድለው ሊቡሼ ናት፤ በሁለት ጣቷ፣ በአንድ እንቅስቃሴ፣ ፊቷ ሳይለወጥ። የሞቱትን በትንሽ ባልዲ አድርጋ ደረጃው ላይ ታስቀምጥለታለች፤ እሱ ወርዶ ይወስዳል። እሷ ወደ እባቦቹ ክፍል አትወጣም፣ እሱም ወደ አይጦቹ ቤት አይገባም። ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። የወለደች አይጥ የእባብ ሽታ ከሸተታት ልጆቿን ትበላለች። ኦታካር አንድ ጊዜ እባብ የተኛበትን ሹራብ ለብሶ ደጃፉ ላይ ቢቆም፣ ሊቡሼ መጥረጊያ ይዛ ነው ያባረረችው።

በዚህም የተነሣ ሠላሳ ዓመት ለእባብ አይጥ ስታረባ፣ እባብ ሲበላ አንድ ቀን እንኳ አላየችም።

«ማየት አያምርሽም?» ይላት ነበር ኦታካር።

«ምግብ የምትሠራ ሴት እንግዶቹ ሲያኝኩ አጠገባቸው ቆማ ታያለች?»

«አያኝኩም እኮ።»

«እንግዲያው ሥነ ሥርዓት የላቸውም።»

ኦታካር ከሁሉም አብልጦ የሚወዳቸው የበቆሎ እባብ የሚባሉትን ቀያይ እባቦች ነው። መርዝ የላቸውም፣ ጠባያቸውም የተረጋጋ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥንዶች ያገኘው በወጣትነቱ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሱቅ በማይሸጥበት ዘመን፣ ከሃምቡርግ ከመጣ መርከበኛ ሲሆን በምትካቸው የሰጠው የአባቱን አኮርዲዮን ነበር። አባቱ ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ «እስቲ አንድ ዘፈን አዘፍናቸው» ይሉት ነበር። ከእነዚያ ጥንዶች የተወለዱት እየተዋለዱ እስከ ዛሬ ደርሰዋል። ባለፈው ዓመት ግን የቀረችው ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም አርጅታለች። በሰኔ መጀመሪያ እንቁላሎቿን ጣለችና በሳምንቱ ሞተች። ኦታካር እንቁላሎቹን በማፈልፈያው ሣጥን ውስጥ እርጥብ ሣር ላይ አኖራቸው። አንድ በአንድ ቢጫ እየሆኑ፣ እየሻገቱ ሄዱ። በነሐሴ ደህና የቀረው እንቁላል አንድ ነበር።

በዚያው ሰሞን ኦታካር ፕሪም ሊለቅም መሰላል ላይ ወጥቶ ወደቀ፤ የዳሌ አጥንቱ ተሰበረ። አምቡላንሱ ውስጥ ሲያስገቡት የተናገረው ነገር ስለ አጥንቱ አልነበረም።

«የማፈልፈያውን ሙቀት እይው» አላት።

«እኔ?»

«ታዲያ ወይዘሮ ሆርኮቫ?»

ሊቡሼ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ፣ ከአይጦቹ ጋር ያላትን ሥራ ስትጨርስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይ ወጣች። እንቁላሉ እንደ ቆዳ ልስልስ ያለ ነው፤ ጫፉ በምላጭ የተቆረጠ ይመስል ተሰንጥቋል። በስንጥቁ በኩል ከክብሪት ራስ ብዙም የማይበልጥ አፍንጫ ወጥቷል። አይንቀሳቀስም። ወርዳ ለኦታካር ደወለች።

«ሞታለች መሰለኝ። ወጣ ብላ ቀርታለች።»

«አትንኪያት። አስኳሏን እየጨረሰች ነው። እስከ ነገም ልትቆይ ትችላለች።»

«እንዲሁ ጭንቅላቷን አውጥታ?»

«ዓለሙን እያየች ነው። አንቺንም አይታ ይሆናል፤ ለዚያ ነው ለመውጣት ያመነታችው።»

እንዳለውም በማግሥቱ ወጣች። ከጫማ ማሰሪያ የማትወፍር፣ ብርቱካንማና ቀይ፣ እያንዳንዷ ቅርፊቷ በቦታዋ ያለች ሙሉ እባብ ነበረች። ሊቡሼ ሁልጊዜ የምታውቃቸው ልጆች ዕውር፣ ራቁትና ደካማ ሆነው የሚወለዱ ናቸው። ይህች ግን ስትወለድ ጀምሮ ምንም አልጎደላትም። ኦታካር በስልክ እንዳዘዛት በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ አኖረቻት፤ ውኃና መደበቂያ ሰጠቻት።

ከሳምንት በኋላ ትንሿ እባብ የመጀመሪያ ቆዳዋን ጣለች። የመጀመሪያው ምግብ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ለእንዲህ ያለች ትንሽ አፍ የሚሆነው የዕለቱ ግልገል አይጥ ብቻ ነው፤ ሊቡሼ ግን በዚያን ቀን ከነበሯት ግልገሎች ትንሹ የአራት ቀን ልጅ ነበር። እሱን ሰጠቻት። እባቢቱ ወደኋላ ሸሸች፤ አካሏን እንደ ጥያቄ ምልክት አጥፋ፣ ጅራቷን እያንቀጠቀጠች ከጥግ ተለጠፈች።

«ትልቅ ነው፣ ፈርታዋለች» አለ ኦታካር በስልክ። «የዛሬ ልጅ ስጫት። ዛሬ ጠዋት የተወለደ።»

«ባትበላስ?»

«ይቺ ሴት ከሆነች ሹፌሩ ራዲም ዘንድ ከዘሯ አንድ ወንድ አለ። ካልበላች ግን አበቃ። ሌላ ገዝቼ እንደገና አልጀምርም፣ ሊባ። በዚህ ዕድሜዬ አይሆንም።»

ልጆች ሳሉ ነበር ሊባ እያለ የሚጠራት።

ከሴቶቹ ሦስቱ ሊወልዱ ደርሰው ነበር። ሊቡሼ ያንን ሌሊት በደንብ አልተኛችም። ሲነጋ ከአልጋዋ ተነሥታ እባቢቱ በሕይወት መኖሯን ለማየት በቀጥታ ወደ ላይ ወጣች። አነሣቻት፣ በእጅጌዋ ላይ እንድትሄድ ተወቻት፣ መለሰቻት። ከዚያ እጇን እንደ ወትሮዋ ታጥባ ወደ አይጦቹ ወረደች። አንኳኳች፣ ገባች። ሦስቱም ወልደዋል። ደስ ብሏት ከየጎጆው ድርቆሹን ገለጥ እያደረገች ትንሹን መረጠች፤ ጠብተው እንዲጠግቡ ብላ ለጊዜው ተወቻቸው።

እጇን ታጥባለች። የለበሰችው ግን ያው ሹራብ ነበር።

ከምሳ በፊት ተመልሳ ስትመጣ በሦስቱም ጎጆ ውስጥ አንድም ግልገል አልነበረም። እናቶቹ ተቀምጠው ፊታቸውን ያጸዳሉ። ሊቡሼ ክዳኑን እንደያዘች ቆመች፣ ከዚያ እጅጌዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። ለሰው አፍንጫ ምንም ሽታ የለውም።

ቅዳሜ የአውቶቡስ ሹፌሩ ራዲም እንደ ልማዱ በጓሮ በኩል መጣ። ፊቷን አይቶ ኮፍያውን አወለቀ።

«አቶ ኦታካር ባሰባቸው እንዴ?»

«እሱ ደህና ነው። ነርሶቹን እያስቸገረ ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።» ነገረችው።

«እርስዎ? ወይዘሮ ሊቡሼ፣ እኔን ባለፈው በሽቶዬ ምክንያት ከበር የመለሱኝ እርስዎ?»

«እኔው ነኝ። ሳቅ፣ ፈቅጄልሃለሁ።»

አልሳቀም። ቤቱ ሄዶ በማቀዝቀዣ ያቆየውን የዕለት ግልገል አመጣላት። ለብ ባለ ውኃ አሙቀው አብረው ሰጧት። እባቢቱ ምላሷን እንኳ ሳታወጣ አልፋው ሄደች።

«እውነቷን ነው» አለ ራዲም። «ቋሊማ ነው የሚመስለው።»

የእባቢቱ አከርካሪ በቆዳዋ ላይ ጎልቶ መታየት ጀምሮ ነበር። ለመውለድ ከተቃረቡት አይጦች የቀረችው አንዲት ግራጫ ብቻ ናት። ሊቡሼ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ እባቦቹ ክፍል የምትወጣው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እዚያ የምትለብሰውንም ካፖርት እዚያው በር ላይ ሰቅላ ትታው ትወርዳለች። ማታ ትታጠባለች፣ ጠጉሯን ጭምር። ኦታካር በየቀኑ ይደውላል፤ ስለ ሆስፒታሉ ሾርባ ያማርራል፣ በመጨረሻ «እህ?» ይላል። እሷ «ገና» ትላለች።

ግራጫዋ ረቡዕ ጠዋት ወለደች። ሊቡሼ አንኳኩታ ገብታ ከሩቅ አየች፤ ጎጆውን አልነካችም። ግልገሎቹ ባቄላ ያካክላሉ። ዓይናቸው ከቆዳቸው ሥር ያለ ጥቁር ነጥብ ነው። ቆዳቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ስለሆነ፣ ሲጠቡ ወተቱ ሆዳቸው ውስጥ ሲጠራቀም ከውጭ ይታያል፤ መጀመሪያ ነጭ ክር፣ ቆይቶ የሩዝ ፍሬ የሚያህል። ሊቡሼ ይህን ነጭ ነገር በየቀኑ ታየዋለች፤ ያለ እሱ ግልገሉ እንደማያድር ስለምታውቅ መጀመሪያ የምትፈልገውም እሱን ነው። በዚያን ጠዋት ግን ቆማ ቆየች። ከትናንት ወዲያ የወይዘሮ ሆርኮቫ ደረቅ ዳቦ የነበረው ነገር እዚያ ሆድ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይንቀሳቀስ ነበር።

እናቲቱ ውኃ ልትጠጣ ስትወጣ ሊቡሼ ትንሹን ወሰደች።

ኦታካር ያዘዛት እንዲህ ነበር፤ እባቢቱንና ግልገሉን በአንድ ጠባብ የእርጎ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ሣር አድርጎ ማኖር፣ ክዳኑን በስቶ መዝጋት፣ ጨርቅ ጣል ማድረግና ወጥቶ መሄድ። ሊቡሼ ከመጨረሻው በቀር ሁሉንም አደረገች። የዕቃው ጎን ውስጡን ያሳያል። ጨርቁን በአንድ ወገን ገለጥ አድርጋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ትንፋሿ እንዳይደርስ አፏን በእጇ ሸፈነች።

ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ግልገሉ በሣሩ ላይ ይላወሳል። ከዚያ የእባቢቱ ምላስ ወጣች፤ ጥቁር፣ ከጠጉር የማትወፍር። ግልገሉን ነካችው፣ ተመለሰች፣ እንደገና ነካችው። የእባቢቱ ጭንቅላት ዞረ። ሊቡሼ መንከሷን አላየችም፤ ነክሳ ይዛው ማየቷን ብቻ ታስታውሳለች። አንድ ጊዜ ተጠመጠመችበት፣ ላላች፣ የግልገሉን ራስ ፈልጋ አገኘች።

አፏ ከጭንቅላቷ ይልቅ ሰፋ። አንዴ የግራ መንጋጋዋ ወደፊት ይሄዳል፣ አንዴ የቀኙ፣ እያንዳንዱ ለብቻው፤ በግልገሉ ላይ በእግሯ የምትራመድ ይመስላል። መተንፈሻዋ እንዳይታፈን ከምላሷ ሥር ትንሽ ቱቦ ብቅ ብሎ አየር ይስብ ነበር። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማራትም፤ እናቷ የሞተችው እሷ ሳትፈለፈል ነው፣ ሌላ እባብ አይታ አታውቅም። አንገቷ ሲወጠር ቅርፊቶቿ ተራራቁ፤ በመካከላቸው ያለው ቆዳ እንደ ግልገሉ ቆዳ ስስ ነበርና በእሱ ውስጥ ሮዝማው ሰውነት ሲያልፍ ታየ። ቀጥሎም ነጩ ወተት፣ በመጀመሪያው ሆድ ውስጥ እንዳለ፣ በሁለተኛው ሆድ በኩል ቀስ ብሎ ወረደ።

እባቢቱ አፏን ከፍታ መንጋጋዋን አስተካከለች፣ ዘጋችው፣ ጸጥ አለች።

ሊቡሼ ወዲያው አልተነሣችም። ታች ምድጃ ላይ የጣደችው የድንች ሾርባ አርሮ ሽታው እስከ ፎቅ ደርሶ ነበር። ስትወርድ ድስቱን አውርዳ፣ መስኮቱን ከፍታ ደወለች።

«በላች» አለችው።

«ከራሱ ጀመረች?» አለ ኦታካር።

«ከራሱ።»

«ጥሩ። አሁን አትንኪያት።»

«ማን ይነካታል። ኦታካር፣ አንተ ይህን ነገር በየሳምንቱ ነው የምታየው?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ?»

ሊቡሼ በእጇ የያዘችውን የምድጃ ጨርቅ አጠፈችው፣ ዘረጋችው።

«እሱስ ልክ ነህ» አለችው።

ኦታካር በመስከረም መጨረሻ በምርኩዝ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሐኪሞቹ ደረጃ እንዳይወጣ ከለከሉት፤ ከዚያ ወዲህ ፎቅ ወጥታ እባቦቹን የምታበላው ሊቡሼ ሆነች።