የሐሙስ ጠዋት ወረብ

አንኮበር ላይ ክረምት ሲገባ ሰማይ አይታይም። ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን እየታከከ ይወጣና ከሰው ደጅ ያድራል፤ ጠዋት በር ሲከፈት ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። መምህር ገብረአብ በዚህ ጉም ውስጥ ተወልዶ፣ የአባቱን ዜማ እየሰማ ነው ያደገው። አባቱ መሪጌታ ወልደአረጋይ የማርያም ደብር የማኅሌት መሪ ነበሩ። ጉም አገሩን ሲሸፍነው ሰው የእሳቸውን ድምፅ ተከትሎ ቤተ ክርስቲያን ይደርስ ነበር።

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ገብረአብ ሃያዎቹን ያጋመሰ ወጣት ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ አንኮበር ላይ ሕፃናት ያስተምራል። የመምህርነት ወረቀቱን ለማግኘት ግን እንደ ብዙ ጓደኞቹ በየክረምቱ ደብረ ብርሃን እየሄደ ኮርስ መውሰድ ነበረበት። ያ ሁለተኛ ክረምቱ ነው።

እንዴት ያለ ክረምት ነበር! ጠዋት ኮርስ ነው፤ ጫማው በጭቃ ከብዶ፣ ጋቢው ዝናብ ጠጥቶ ይገባል። ነሐሴ ከባተ ወዲህ ደግሞ ፍልሰታ ነውና ከክፍል እንደ ወጣ በባዶ ሆዱ ወደ ቅዳሴ ይሮጣል። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ጠበሉን ጠጥቶ፣ ጥሬውን ቆርጥሞ የቤት ሥራውን እንደ ነገሩ ይሞነጫጭርና አመሻሹ ላይ የሚናፍቀውን ፍለጋ ወደ ሸሪፍ መጋዘን ይወርዳል።

ሸሪፍ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው። በበቅሎ በርበሬ ያወጣል፣ የበግ ጠጉር ያወርዳል። ደብረ ብርሃን ካለው ሱቁ ጀርባ ባለ መጋዘን ጥቂት መምህራንና የከተማው ወጣቶች ለእንቁጣጣሽ በማዘጋጃ ቤት የሚያሳዩትን ዘፈን ይለማመዱ ነበር። በርበሬው አፍንጫ እየኮረኮረ ዘፈኑ በማስነጠስ ይቋረጣል። ገብረአብ እዚያ ማሲንቆ ይመታል። የካህን ልጅ በገና ቢደረድር ማንም አይፈርድበትም፤ ማሲንቆ ግን የአዝማሪ ነው፤ ይህንንም አባቱ አያውቁም።

«የመሪጌታው ልጅ» ይለዋል ሸሪፍ፣ «አባትህ ይህን ቢሰሙ እኔንም ካንተ ጋር ነው የሚያወግዙኝ!»

«አንተን? አንተ እስላም፣ ምን ያደርጉሃል?»

«በርበሬዬን ነዋ! ወላሂ፣ አንኮበር ላይ አንድ ቁና የሚገዛኝ አላገኝም።»

ከሚዘፍኑት መካከል አስካለማርያም ነበረች። እሷም መምህርት ናት፣ የሰላ ድንጋይ ልጅ፤ ኮርሱን ዘንድሮ ትጨርሳለች። ድምፅዋ እንደ በግ ጠጉር ክር ነበር፤ ጥቂት ይሻክራል፣ ግን ይሞቃል። ገብረአብ ደጋኑን በጭራው ላይ ስቦ ትዝታ ሲጀምርላት፣ ዓይኗን ጨፍና ከየት እንደምታመጣው የማይታወቅ ስንኝ ትጥላለች፦

ጉም ወርዶ ጉም ወርዶ መንገዱ ቢጠፋ፣
ድምፅህን ይዤ ነው የምሻገር በተስፋ።

ያን ጊዜ እሱ ማሲንቆውን እንጂ ሰውን ማየት አይችልም ነበር።

በማግሥቱ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። አንድ ቀን ህንዳዊው የሂሳብ አስተማሪ አጠገቡ ድረስ መጥቶ፣

«ሚስተር ገብረአብ፣ ኤክስ ስንት ነው?» ቢለው፣ ገብረአብ ከቅዳሴ የቆመ መስሎት ብድግ ብሎ፣

«አሜን!» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስካለ ከኋላ ሆና «ኤክስ እኩል ነው አሜን፤ ጻፉት እንጂ ልጆች» አለች። ማታ መጋዘን ሲገቡም አልተወችውም፤ ማሲንቆውን ሳይቃኝ ቀድማ ጣለችበት፦

የመሪጌታ ልጅ ወዴት ነው ሚገኘው፣
ጧት ትምርት፣ ቀን ጸሎት፣ ማታ ጭራ ሚያሞኘው።

ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ግን እውነቷን ነበር። ሦስት ቦታ የሚውል ሰው አንዱም ጋ አይገኝም። ቅዳሴ ቆሞ የእሷን ስንኝ ያስባል፣ ከእሷ ጋር ሆኖ አባቱን ያስባል፣ መጽሐፉን ገልጦ ሁለቱንም ያስባል።

በፍልሰታው አጋማሽ ሸሪፍ ከአንኮበር ሲመለስ የአባቱን ቃል አመጣለት። እንደ ወትሮው አልቀለደም።

«አባትህን አገኘኋቸው። ድምፃቸው ሰልሏል ልጄ። እንዲህ በልልኝ አሉኝ፦ ‹ጉሮሮዬ እየተዘጋ ነው። በነሐሴ ማርያም፣ ታቦቱ ሲወጣ ወረቡን ገብረአብ ይምራ። ካህናቱ ይስሙት። ቦታዬን ከሌላ አገር ለሚመጣ ሰው ከመልቀቄ በፊት እኔም ልስማው።›»

ገብረአብ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመኘው ይህን ነበር። በአባቱ ቦታ መቆም፣ አባቱ እየሰሙ መምራት። የነሐሴ ማርያም ሐሙስ ይውላል። የኮርሱ ፈተና ረቡዕ ጠዋት ያልቃል። ረቡዕ ከሸሪፍ በቅሎዎች ጋር ቢነሣ ለማታ አንኮበር ይገባል። ሁሉም ልክ ልኩን ያገኘ መሰለው።

ሰኞ ዕለት የምደባው ስም ተነበበ። አስካለማርያም አረርቲ ደረሳት።

ከክፍል ሲወጡ ጠበቀችው። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ፣ ፊቷን ወደ ዝናቡ አዙራ ነበር።

«አረርቲ አጎት አለኝ» አለችው። «ረቡዕ ማታ መጥቶ ሐሙስ ጠዋት ይወስደኛል። አውቶብሱ በአራት ሰዓት ነው የሚነሣው።»

«ሐሙስ?»

«አጎቴ እዚያ ሰው አስቦልኛል አሉ። እኔ አላየሁትም። ሴት ልጅ ይህን ማለት አይገባትም። ግን ሐሙስ አጎቴ ባለበት መጥተህ፣ እጅ ነሥተህ፣ ብትሸኘኝ፣ እሱ ሞኝ አይደለም፤ ማን እንደሆንክ ይገባዋል። ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ ይደርሳል። ካልመጣህ ግን ምን ብዬ እከራከረዋለሁ?»

ገብረአብ የአባቱን ቃል ነገራት። እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«ሂድ» አለችው በመጨረሻ። «እኔም ብሆን አባቴን ነው የማስቀድመው።»

«መስከረም ሲጠባ ሽማግሌ እልካለሁ፤ እመኚኝ።»

«ክረምቱን የከሰም ወንዝ ሞልቷል። ሽማግሌህ ይዋኛል?» ብላ ሳቅ ልትል ሞከረች፤ ሳቁ ግን አልወጣላትም።

ረቡዕ ፈተናውን ጨርሶ ከሸሪፍ ጋር ተነሣ። በጭቃው፣ በጉሙ፣ በዚያ ነፋስ ጾመኛ ሆኖ ሲሄድ ሸሪፍ አንዳንዴ ዞር እያለ ያየዋል።

«በቅሎ ላይ ውጣ፤ ትወድቃለህ።»

«በእግሬ ልሂድ።»

«አንተ ሰው እግርህ ወደ ፊት ይሄዳል፣ አንገትህ ወደ ኋላ። እንዲህ ያለ በቅሎ ቢኖረኝ ሸጬው ነበር።»

ሐሙስ ጠዋት አንኮበር ነጭ ለብሳ ጠበቀች። ከቅዳሴ በኋላ ታቦቱ ወጣ፤ ካህናቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆሙ። መሪጌታ ወልደአረጋይ መቋሚያቸውን ተደግፈው በቀኝ በኩል ነበሩ፤ ቀጥነዋል፣ ዓይናቸው ግን ልጃቸው ላይ ነበር። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ምልክት ሰጡት። ገብረአብ ወረቡን አነሣ።

አነሣው፤ አማረለት። ድምፁ በጉሙ ውስጥ እንደ ጠራ ውኃ ፈሰሰ። ጸናጽሉ ተቀበለው፣ ከበሮው ረገጠለት፣ ሴቶቹ እልል አሉ። የደብሩ አለቃ ኪዳነ ማርያም ጢማቸውን እየዳበሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። መሪጌታም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ያን ጊዜ ጉሙ ተገለጠ። ፀሐይ ወጣች። ገብረአብ ጥላውን ከእግሩ ሥር አየና ሰዓቱን ገመተ። አራት ሰዓት ይሆናል። አሁን ሣጥኗን አውቶብሱ ላይ እየጫኑላት ነው። አሁን ወደ መንገዱ ትመለከታለች። አሁን አጎቷ «ግቢ እንጂ» ይላታል።

ዜማው ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ላይ ደርሶ ነበር። ድምፁ ወጣ፤ ግን መውረድ በሚገባው መንገድ አልወረደም። ተጎተተ፣ ተንቀጠቀጠ፣ በማሲንቆ ጭራ እንደሚጎተት ሆኖ በትዝታ ወረደ። ቃሉ የግእዝ፣ ምስጋናው የእመቤታችን፣ ቅላጼው ግን የሸሪፍ መጋዘን! ይባስ ብሎ ከበሮ የያዘው ዲያቆን ዘርአ ዳዊት የከተማ ሠርግ የለመደ ነበርና እጁ ሳያማክረው ተከተለው። ሁለት ምት፣ ሦስት ምት፣ የአንዲት ሴት ትከሻ እንኳ ነቅነቅ አለ።

ጸናጽሉ ቆመ። ሁለቱም ረድፍ ወደ እሱ ዞረ። ገብረአብ አፉን እንደ ከፈተ ቀረ።

«ይህ ማኅሌት ነው የሠርግ ቤት?» አሉ አለቃ ኪዳነ ማርያም፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ግን ሁሉ በሰማው።

ታቦት ቆሞ ወረብ አይቋረጥም። መሪጌታ ወልደአረጋይ መቋሚያቸውን ከትከሻቸው አነሡ። በዚያ በሰለለ ጉሮሯቸው፣ ድምፃቸው እየተሰነጠቀ፣ እየተቆራረጠ፣ ልጃቸው ከሳተበት ቦታ ዜማውን አንሥተው ቀጥ አድርገው አወረዱት። ጸናጽሉ ተቀበለ። ወረቡ ቀጠለ። ገብረአብ ከአባቱ ኋላ ቆሞ የሚያየው የደረቀ አንገታቸው ላይ የተገተሩትን ሥሮች ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ መሪጌታ ከሹክሹክታ በላይ ድምፅ አልወጣቸውም። የቀረቻቸውን ሁሉ እዚያ ጨረሷት።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብተው፣ ጾሙ ተፈስኮ፣ ገብረአብ ምግቡን ሳይነካ ተቀምጦ ነበር። አባቱ ቀረብ አሉ።

«ያቺ ማን ናት?» አሉ በሹክሹክታ።

«ማን፣ አባባ?»

«ወረቡ መሐል የጠራሃት።»

ነገራቸው። መጋዘኑን፣ ማሲንቆውን፣ አውቶብሱን፣ ሁሉንም። ቁጣ ጠብቆ ነበር። መሪጌታ ግን መሶቡን ወደ እሱ አስጠግተው፣

«ለምን ቀርተህ አልሸኘሃትም?» አሉ።

«እርስዎ ጠርተውኝ እኮ ነው።»

«እንዲህ መሆኑን ብታስነግረኝ፣ ጽጌን እጠብቅ አልነበር?» ጉሮሯቸውን ያዙ። «በል፣ ብላ። ውኃው ሲጎድል ሽማግሌ እንልካለን። እኔ እናገራለሁ ባልልም፣ እቀመጣለሁ።»

ካህናቱ ፈረዱ፤ ገብረአብ እስከ ጽጌ ከኋላ ረድፍ ይቁም፣ መቋሚያ ይያዝ፣ አይምራ። በጽጌ መጨረሻ እሑድ አንድ ጊዜ ይሰማል፤ ከሳተ ቦታው ለሌላ ነው። ለእንቁጣጣሹ ዘፈን ደብረ ብርሃን አልተመለሰም። በየጠዋቱ ተማሪዎቹን ያስተምራል፣ በየማታው አባቱ እግር ሥር ተቀምጦ ያጠናል። መሪጌታ መናገር ስለማይችሉ በእጃቸው ያሳዩታል፤ እጃቸው ሲወጣ ድምፁ ይወጣል፣ እጃቸው ሲወርድ ይወርዳል።

አደይ ሜዳውን ሞላው። ከሰም ጎደለ አሉ። መሪጌታ ለሽማግሌነት ሁለት ሰው መረጡ፤ ከጽጌ በኋላ ይነሣሉ ተባለ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ገብረአብ ገበያ ወጥቶ ሸሪፍን ከበቅሎዎቹ ጋር አገኘው። ሸሪፍ ከሩቅ ሲያየው የበቅሎ ጭነት ማስተካከል ጀመረ፤ ጭነቱ ግን ደህና ነበር።

«በአረርቲ በኩል ነበርኩ» አለ በመጨረሻ።

«አየሃት?»

«አየኋት። ለመስቀል ቀለበት አስረውላታል። ጥማድ በሬ ያለው፣ የአጎቷ ጎረቤት ነው። ክፉ ሰው አይደለም አሉ።»

ገብረአብ የበቅሎዋን አንገት ይዞ ቆመ።

«ምንም አላለችህም?»

«‹የመሪጌታው ልጅ ወረቡን አሳምሮ መራ ወይ?› አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ምን ልበላት? ወሬው እኔም ጋ ደርሷል እኮ።» ሸሪፍ አንገቱን ደፋ። «አሳምሮ መራ አልኳት። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ለአባቱ አልነገራቸውም። በዚያ ሳምንት ግን ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ሰው በሌለበት ገደል አፋፍ ቆሞ አንዲት ስንኝ ወደ ቆላው ይለቅ ነበር፦

ከሰም ይጎድላል መስከረም ሲጠባ፣
ዓይኔ ነው የቀረው እንደ ሞላ በእንባ።

ቆላው ይውጣታል። እሱም ዓይኑን በጋቢው ጠርጎ ወደ አባቱ ይገባል።

የጽጌ መጨረሻ እሑድ ደረሰ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ አገር ለአገር መሰደዷ የሚታሰብበት ነውና ወቅቱ ራሱ ናፍቆት ናፍቆት ይላል። ሌሊቱ በማኅሌት አልፎ ሲነጋጋ፣ አለቃ ኪዳነ ማርያም ወደ ኋላው ረድፍ ተመለከቱ። ገብረአብ ወጣ፤ ከአባቱ ጎን ቆመ፤ አነሣው።

ድምፁ አንድ ቦታ እንኳ አልተጎተተም። መውጣት በሚገባው ወጣ፤ መውረድ በሚገባው ወረደ። ዘርአ ዳዊትም በፍርሃት ከበሮውን እንደ ዕንቁላል ነበር የሚነካው። መሪጌታ አፋቸው ያለ ድምፅ እየተንቀሳቀሰ አብረውት እስከ ፍጻሜው ዘለቁ። ሲያልቅ አለቃው ምንም አላሉም፤ ከመሪጌታ ፊት ለፊት ያለውን ቦታ በመቋሚያቸው አሳዩት። እዚያ ቁም ማለታቸው ነው። ብዙ ዘመን ቆመበት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ፀሐይ ገና መውጣቷ ነበር። አባት ልጃቸውን ተደግፈው በዝግታ ይራመዳሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እንደ ወጡ ቆም አሉና ጆሮውን ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«እንግዲህ ነገ ሽማግሌዎቹ ይነሡ» አሉት። «አረርቲ ሩቅ ነው?»

ገብረአብ ክንዳቸውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«ሩቅ ነው፣ አባባ።»

«ቢሆንም መንገዱ ደርቋል እኮ።»

«አዎ» አላቸው። «ደርቋል።»