ባትሪ ሠሪውና «ዲስቻርጅ»

በሰፈሩ ሰው ሁሉ «ባትሪው» ይለዋል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የመኪና ባትሪ ሲሞላና ሲጠግን ኖሯል፤ አሲድ ያልበሳው ቱታ የለውም። ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ እንግሊዝኛውን ያገኘው ከሥራው ነው። ቻርጅ ማለት መሙላት፣ ዲስቻርጅ ማለት ማለቅ። ሾፌር ባትሪ ተሸክሞ ሲመጣ ይለካና «ዲስቻርጅ ሆኗል፣ ነፍስ የለውም» ይለዋል። በቃ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ ኦፕራሲዮን ሆነች። በአራተኛው ቀን እንደ ወትሮው በምሳ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ፣ ሾርባ በፔርሙዝ ይዞላት ሄደ። አልጋዋ ባዶ ነው። አንሶላው ተነሥቷል፣ ፍራሹ ታጥፏል።

«ስምንት ቁጥር የተኛችውስ?» አላት ነርሷን።

ነርሷ ከምትጽፈው ቀና ሳትል፣ «እሷማ ጠዋት ዲስቻርጅ ሆነች» አለችው።

ክው አለ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፔርሙዙን ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠው።

«አባባ፣ እዚያ መቀመጥ አይቻልም» አለችው። ተነሣ። ፔርሙዙን እዚያው ረሳው።

መርዶውን ለሚስቱ ታላቅ እህት መንገር አለበት። ቤቷ ከሆስፒታሉ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ባለፈው እሁድ ከሚስቱ ጋር በመጋረጃ ቀለም ተጨቃጭቀው ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ያሰበው ያንን ብቻ ነው።

አንኳኳ። እህትየው ከፈተችለት።

«እሰይ መጣህ! ሥራ ላይ ስልክህን እያጠፋህ፣ ስንደውል ዋልን እኮ።»

ከኋላዋ ሚስቱ ሶፋው ላይ በትራስ ተደግፋ ብርቱካን ትልጣለች።

ባትሪው መቃኑን ያዘ። እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ምነው? ምን ሆንክ?» አለች ሚስቱ።

«ዲስቻርጅ ሆነች አሉኝ።»

«አዎ፣ ተሽሎሻል ብለው አሰናበቱኝ። ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?»

እህትየው ነገሩ ቀድሞ ገብቷት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሚስቱ ግን አልሳቀችም። «ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ» አለችው።

በማግስቱ ፔርሙዙን ሊወስድ ሄዶ ነርሷን አገኛት። «ልጄ፣ ‹ድና ወደ ቤቷ ሄደች› ብትዪኝ ምን ነበረበት?» አላት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲያስረዳት ደነገጠች። «ይቅርታ አባባ፣ እኛ ሁሌም እንዲህ ስለምንል ነው።»

ታሪኩን ለደንበኞቹ ራሱ እያወራ ያስቃቸው ነበር፤ በመጋረጃው ስለ መጣላታቸው ግን ትንፍሽ አይልም። ሚስቱ በስድስተኛው ሳምንት ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እስከዚያ ምግብ ያበሰለው እሱ ነው፤ ጨው ያበዛ ነበር ትላለች።