ዝናብ ሳይዘንብ ያፈሰሰው ጣሪያ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጣሪያ ላይ አልወጣሁም። መሰላል ተሸክሜ ጋሽ ወልዴን ተከትዬ ሚዛን ተፈሪ ገበያ አጠገብ ወዳለ አንድ ቤት ሄድኩ። ቀድሜ ልወጣ እግሬን ሳነሳ ኮሌታዬን ይዘው መለሱኝ። "ውስጥ ግባ። በሩንም መስኮቱንም ዝጋና ቁም" አሉኝ።

ጋሽ ወልዴ ከማጂ የመጡ አናጢ ነበሩ፤ የሚያፈስ ጣሪያ በመጠገን ግን የሚስተካከላቸው አልነበረም። ዘዴያቸው ቀላል ነው። ፀሐይ ስትወጣ አንድ ሰው ጨለማው ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ሲያይ የሣር ስንጥር ወደ ላይ ያሾልካል። ጣሪያ ላይ ያለው ሰው ስንጥሯን አይቶ ሬንጅ ይቀባል፤ ወይም ሚስማሩን ነቅሎ ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ ከሥሩ ያደርግና መልሶ ይመታዋል።

በዚያ ቀን አሥራ አንድ ቀዳዳ አገኘሁ። በአንደኛው ስንጥሬ አልገባ ብትለኝ በሚስማር አሰፋሁላት። ጋሽ ወልዴ ከላይ ሆነው ሚስማሩ ብቅ ሲል አዩ። "አንተ ልጅ፣ ልንጠግን ነው የመጣነው ልናፈስ?" አሉኝ። የመጀመሪያው ቀን ምስጋናዬ ይኸው ነበር።

ሁለት ዓመት መሰላል ተሸካሚ፣ ሦስት ዓመት ረዳት ሆኜ ሠራሁ። ሥራ ጠፍቶ አያውቅም። እኛ አገር በጋ ማለት ዝናቡ ሰዓት የሚያከብርበት ወቅት ነው። ጋሽ ወልዴ ጉልበታቸው ሲደክም መዶሻቸውን፣ ፒንሳቸውንና የቆርቆሮ መቀሳቸውን ትተውልኝ ወደ ማጂ ተመለሱ። እኔም "ታሪኩ ጠጋኙ" ተባልኩ። ስም ሲወጣልህ ደስ ይላል፤ ከዚያ በኋላ "አላወቅሁም" ማለት ያቅትሃል።

አቶ ገዛኸኝ የጠሩኝ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በኅዳር፣ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ነው። ከሸዋ ቤንች ቡና እየሰበሰቡ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ቤታቸው ባለ ሰማንያ ቆርቆሮ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ "ግባ" ከማለታቸው በፊት ይህንኑ ይነግሩታል።

"አልጋዬ ላይ ይንጠባጠባል" አሉኝ።

"መቼ መቼ ነው?"

"ሊነጋጋ ሲል።"

"ሌሊት ዘንቦ ነበር?"

"ሳይዘንብ አይቀርም። እንቅልፍ ወስዶኝ አልሰማሁም።"

የሚዛን ዝናብ ሰማንያ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንኳን የተኛ የሞተም ይነሳል። እዚህች መልስ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን መሰላሌን አቁሜ ወጣሁ።

ከመኝታ ቤቱ ጎን ያለው ክፍል ተቆልፏል። "እሱ አያፈስም፤ ዕቃ ነው ያለበት" አሉ። ባለቤቱ አያፈስም ካለ እኔን ምን አደከመኝ?

መኝታ ቤቱን ዘግቼ ጨለማው ውስጥ ቆምኩ። አንዲት የብርሃን ነጥብ እንኳ አልነበረችም። ቢሆንም ሬንጅ ቀባሁ፤ ባለሙያ ባዶ እጁን አይወርድም። በሳምንቱ ተጠራሁና ሚስማሮቹን ቀየርኩ። ሦስተኛ ተጠራሁና ጤነኛ ቆርቆሮ ነቅዬ በሌላ ጤነኛ ቆርቆሮ ተካሁ። ጠብታው ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይወርዳል።

አራተኛ ስመጣ አቶ ገዛኸኝ ከሁለት ነጋዴዎች ጋር ደጃፍ ተቀምጠዋል። "ታሪኩ፣ ሙያው ጠፋህ እንዴ?" አሉኝ። ነጋዴዎቹ ሳቁ። ቀና ስል ከጎረቤት ግቢ የመጣ የአቮካዶ ቅርንጫፍ ጣሪያው ላይ ተንሰራፍቷል። ፍሬው እየወደቀ ቆርቆሮውን እዚህም እዚያም አጎድጉዶታል።

"ዛፉ ነው" አልኩ።

የጎደጎደና የተቀደደ ቆርቆሮ አንድ አለመሆኑን በከተማው ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ዛፉ የእትዬ አልማዝ ነበር። ባላቸው የሞተባቸው፣ ፍሬውን መናኸሪያ እየሸጡ ሁለት ሴት ልጆች የሚያስተምሩ ሴት ናቸው። አቶ ገዛኸኝ የእድሩን ሽማግሌዎች ሰብስበው "ዛፉ ይቆረጥልኝ" አሉ። እትዬ አልማዝ "ቅርንጫፉን ብቻ ቁረጡ፤ ግንዱን ተዉልኝ" ብለው ለመኑ።

ሽማግሌዎቹ "እስቲ ባለሙያው ይናገር" አሉ። ባለሙያ ተብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ተነስቼ ስለ ፍሬው ክብደት፣ ስለ ቆርቆሮው ውፍረት፣ ግንዱ ካለ ቅርንጫፉ ተመልሶ እንደሚያድግ አስረዳሁ። ጥሩ አድርጌ ነው የተናገርኩት። ዛፉ ቅዳሜ ተቆረጠ።

ማክሰኞ ማለዳ አቶ ገዛኸኝ በአልጋ ልብሳቸው እንደተከናነቡ ቤቴ መጡ። "ደገመ" አሉ።

አብሬያቸው ሄድኩ። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ቁጭ አልኩ። ሬንጅ ቀብቻለሁ፤ ሚስማር ቀይሬያለሁ፤ ቆርቆሮ ተክቻለሁ፤ ዛፍ አስቆርጫለሁ። ያላየሁት የተቆለፈውን ክፍል ብቻ ነው። ቁልፍ አልጠየቅሁም፤ ከክፍሉ በላይ ያለውን አንድ ቆርቆሮ ነቅዬ ገለጥኩት። የድስት ክዳን ያነሳሁ ይመስል ሞቃት እንፋሎት ፊቴን መታኝ። የቆርቆሮው ሆድ በላብ ተሸፍኗል።

ቁልቁል ሳይ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የሚደርቅ ቡና፣ ሳይደርቅ ተከምሮ ሸራ ለብሷል። በከፈትኩት በኩል ወደ ክፍሉ ወርጄ እጄን ክምሩ ውስጥ ከተትኩ፤ ይሞቃል። የመሃሉ ግድግዳ እስከ ጣሪያው አይደርስም። የቡናው እንፋሎት ሌሊት የቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ይሆናል፤ ቁልቁለቱን ይዞ ወደ መኝታ ቤቱ ይሻገራል፤ ማገር ሲያስቆመው አልጋው ላይ ይወርዳል። ጣሪያው አንድም ቀን አፍስሶ አያውቅም።

"ምን አገኘህ?" አሉ አቶ ገዛኸኝ ከበሩ ማዶ።

"ቡናዎን።"

በሩን ከፍተው ገቡና መልሰው ዘጉት። "ይህ ቡና በደረቅ ነው የተሸጠው። ገዢው ነገ ከቴፒ ይመጣል" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አንተም ዛፉ ነው ብለሃል። ሁለታችንም በቃላችን ብንጸና ነው የሚሻለን።"

ቆርቆሮውን መልሼ መትቼ ወጣሁ። በማግስቱ ቡናው ተጭኖ ሄደ። በዚያው ቀን አቶ ገዛኸኝ ሌላ ሠራተኛ አስመጡና ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር ሬንጅ አስቀቡት። ጠብታው ቆመ። ከተማው በሙሉ "ያ ሰው እጁ መድኃኒት ነው" አለ። እስከ ዛሬ በዚያ ሥራ ይመሰገናል፤ እኔም ክፉ አልተናገርኩትም፤ ምን አጠፋ?

ሦስት ቀን አልተኛሁም። በአራተኛው ሽማግሌዎቹን ለምኜ አሰባሰብኩና እትዬ አልማዝ ባሉበት እውነቱን ተናገርኩ። ዛፉ አላፈሰሰም፤ ዋሽቻለሁ፤ ውሃው ከቡናው ነው አልኩ። አቶ ገዛኸኝ ሽማግሌዎቹን ወስደው ክፍሉን ከፍተው አሳዩ። ባዶ ነው፤ ተጠርጓል። አልጋው ደረቅ ነው። አንደኛው ሽማግሌ አጠገባቸው ወዳሉት ሽማግሌ ጆሮ ጎንበስ ብለው "በሌላው ሠራተኛ ቀንቶ ነው" ሲሉ ሰማኋቸው። ባለሙያ ሆኜ ስዋሽ ያመኑኝ ሰዎች እውነት ስናገር አላመኑኝም። መርቀው ተበተኑ።

እትዬ አልማዝን እስከ ደጃቸው ሸኘኋቸው። ጉቶው አጠገብ ስንደርስ ቆሙ።

"እኔ አምኜሃለሁ" አሉኝ።

ልቤ ቀለል አለኝ። ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"ታዲያ አሁን ዛፌን በሚስማር ትመልስልኛለህ?"

አፈርኩ። ዛሬም ስናገረው አፍራለሁ። ችግኝ አምጥቼ ተከልኩላቸው፤ ጥሩ ሆኖ በቅሏል። ፍሬ የሰጠው ግን ትልቋ ልጅ ትምህርቷን አቋርጣ መናኸሪያ ሻይ መሸጥ ከጀመረች በኋላ ነው።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። የተቆለፈ ክፍል ካለ አስከፍቱ። መቼ እንደሚንጠባጠብ ጠይቁ፤ መልሱንም ስሙ። ቀዳዳውን ካጣችሁት "አላገኘሁም" በሉ። ደንበኛው ይስቅባችኋል፤ ሌላ ሠራተኛ ይጠራል። ይጥራ።