ወንፊቷ ብቻ የጠራችበት ፎቶ

ባለፈው ወር ታናሿ ልጄ የሰርግ ፎቶ ልሠራበት ብላ ያስመጣችውን አዲስ ካሜራ ይዛ ወረታ መጣች። እኔንና እናቷን ከማንጎው ሥር አቁማ ደጋግማ አነሳችን፤ ግን ያነሳችውን ባየች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። እኛ ደብዝዘን ከኋላችን ያለው አጥር ጥርት ብሎ ይወጣል። "ይኼ ዕቃ ከፋብሪካው ተበላሽቶ ነው የመጣው፤ ሰኞ አዲስ አበባ ልኬ ካልቀየሩልኝ አለቃቸውም" ብላ ስትፎክር ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሷም ተቆጣች። በእሷ አልነበረም የሳቅሁት። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ በአዲስ ካሜራ እንዲሁ ተናድጄ፣ እንዲሁ ፎክሬ፣ እንዲሁ ልኬ ነበር። ሳቁ ካለፈልኝ በኋላ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ምክንያቱ ቆሞ የሚነገር አይደለም። እስቲ እዚህ ልጻፈው።

ያን ጊዜ ወረታ ከተማ ውስጥ ወጣት አስተማሪ ነበርሁ። ካሜራውን የገዛሁት ባሕር ዳር ነው። ሻጩ "ፎከሱን ራሱ ያስተካክላል፣ ያንተ ሥራ መጫን ብቻ ነው" ሲለኝ ማመን አቅቶኝ ነበር። በእኛ ከተማ ፎቶ አንሺው ሌንሱን ወዲህ ወዲያ እያዞረ፣ "አትንቀሳቀሱ!" እያለ ሰውን ሲያደርቅ ነው ያደግነው። የእኔው ግን ስጫነው እንደ ንብ ዝዝ ብሎ ራሱን አስተካክሎ ቀጭ ይላል። ከዕቃው ጋር የአንድ ዓመት የዋስትና ወረቀትም ሰጡኝ። ዋስትናዋን አንብቤ አልጠገብሁም፤ መንግሥት የሾመኝ ነበር የመሰለኝ።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ከወረታ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ሜዳ ላይ ባለች ደብር ዜማና ትርጓሜ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ከአንበሳሜ ሳይቀር ተማሪ ይመጣላቸው ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ለእናቴ መመንኮስ እንደሚፈልጉ ነገሯት። በተማሪነታቸው ዘመን የተመኙት፣ በኋላ በትዳርና በልጅ የዘገየ ምኞት ነበር። አሁን የመጨረሻው ልጅ እኔም እንጀራዬን ይዣለሁ። ከጣና ገዳማት ወደ አንዱ ተሻግረው፣ ቆብ ደፍተው ቀሪ ዕድሜያቸውን እዚያ ሊጨርሱ ቆረጡ። በሥርዓታችን ባለትዳር ሰው ሚስቱ ካልፈቀደችለት አይመነኩስም። ከመነኮሰ ደግሞ ለዓለም የሞተ ነው፤ ፍትሐት በቁሙ ይደረስለታል፤ ቤቴ፣ ሚስቴ ብሎ አይመለስም። እናቴ በነፍስ አባታቸው ፊት "ፈቅጃለሁ" አለች። ቀኑም ከኅዳር ሚካኤል ማግሥት እንዲሆን ተቆረጠ።

ስትፈቅድ የጠየቀችው አንድ ነገር ነበር።

"አብረን የተነሳነው ፎቶ የለንም። አንድ እንኳ ይኑረኝ" አለች።

ያ ፎቶ ከሚካኤል በፊት ካልተነሳ መቼም አይነሳም። መነኩሴ ከሴት ጎን ቆሞ ፎቶ አይነሳማ። እናም ነገሩ በእኔና በአዲሱ ካሜራዬ ላይ ወደቀ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ወደ ቤት ወረድሁ። የርብ ወንዝ ውሃ ከሜዳው መሸሽ ጀምሯል፤ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ግን ገና ጭቃ ነው። ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ፣ ካሜራውን በፌስታል ጠቅልዬ በሩዙ መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ ሄድሁ። የዚያ ሰሞን የፎገራ ሜዳ ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም፤ የረግረግ፣ የለምለም ሩዝና የከብት ሽታ ተቀላቅሎ። እናቴ ጉልበቷን ዋንዛዬ ፍል ውሃ ተነክራ የተመለሰችበት ሰሞን ስለነበር እንደ ልጃገረድ ትራመድ ነበር። የሩዝ እንጀራ በዓሣ ወጥ አቀረበችልኝ፤ እርጎም አስከተለች። ከዚያ ነጭ በነጭ ለብሳ ወጣች። አባቴ ጥምጥማቸውን አሳምረው መጡ።

በቤቱ ግድግዳ ፊት ቆሙ። እንዴት እንደቆሙ ማስረዳት አለብኝ። በእነሱ ዘመን ባልና ሚስት በሰው ፊት ተጠጋግተው አይቆሙም፤ ለዚያውም መሪጌታና ባለቤታቸው! በመካከላቸው አንድ ወፍራም ሰው የሚያስገባ ቦታ ነበር። በዚያ ቦታ በኩል ከግድግዳው ላይ የተሰቀለች የእናቴ ወንፊት ትታያለች። ላወርዳት አሰብሁና ተውኋት። ተጫንሁ፤ ካሜራው ዝዝ አለ፤ ቀጭ!

ፊልሙ ባሕር ዳር ታጥቦ ሲመጣልኝ ክው አልሁ። አባቴና እናቴ ጉም የመሰሉ ሁለት ነጭ ነገሮች ሆነዋል። ወንፊቷ ግን! ክሯ ሳይቀር ይቆጠራል። የግድግዳው ጭቃ ውስጥ ያለው ጭድ እንኳ አንድ በአንድ ይለያል።

ደብቄው ልቆይ ብል አላስችል አለኝና ወሰድሁላቸው። እናቴ አየችው፣ ሳቀችም። "ወንፊቴስ እንዴት አምሮባታል፤ እሷን ነው እንዴ የዳርኸው?" አለችኝ። አባቴ ግን አልሳቁም። ወደ ብርሃን አስጠግተው ረዥም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ተማሪ ፊት እንደሚተረጉሙት፣

"አንድም ማሽኑ ተሳስቷል። አንድም እግዚአብሔር ከዓለም ወጥተሃል፣ ዓለምም አያይህም ሲለኝ ነው" አሉ።

ሁለተኛውን ትርጉም እንደወደዱት ከድምፃቸው አወቅሁ። እናቴም አወቀች። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ማጀት ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን ሄዶ እንደቀረ ሰው ታስባቸው ጀመር፤ ምግባቸውን ስታቀርብ እንኳ ቀና ብላ አታያቸውም ነበር።

እኔ ግን የመጀመሪያውን ትርጉም ይዤ ባሕር ዳር ገሰገስሁ። ዋስትናዬን እንደ መስቀል ከፍ አድርጌ ሱቁ ገባሁ። ተቀብለው ለጥገና አዲስ አበባ ላኩት። ጥቅምት ገባ፤ ሩዙ ራሱን ማዘንበል ጀመረ፤ ካሜራዬ የለም። በየሳምንቱ በአውቶቡስ ተመላልሼ ስጠይቅ "ገና ነው" ይሉኛል። የጉማራን ወንዝ ድልድይ ባለፍሁ ቁጥር ኅዳር እየቀረበ እንደሆነ አስባለሁ። በመጨረሻ መጣ። "ተፈትሿል፤ ምንም ብልሽት የለውም" ከሚል ቃል ጋር! የሞከሩበትንም ፎቶ አያይዘው ነበር፤ አንድ ጎልማሳ ብቻውን ቆሞ፣ ሪዙ ሳይቀር ጠርቶ ይታያል።

ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ሮጥሁ። እዚያው ግድግዳ ጋ፣ እንደዚያው ተራርቀው ቆሙ። ወንፊቷ ወደ ሌላ ቦታ ሄዳለች። ፊልሙ ሲታጠብ እነሱ አሁንም ጉም፣ ወንፊቷ ትሰቀልበት የነበረው ችንካር ግን ጥርት ያለ ነው። ንዴቴን መግለጽ አልችልም። ያን ጊዜ አባቴ "አንድም" እንኳ አላሉም፤ ፎቶውን በእርጋታ መልሰው ሰጡኝና "ተወው ልጄ፣ አትድከም" አሉኝ።

ሱቁ ውስጥ የጥገና ዕቃ የምትቀበል፣ አፏ ስለት የሆነ አንዲት ሴትዮ ነበረች። ሁለቱንም ፎቶ ባንኮኒው ላይ ወርውሬ ስጮህባት እሷም ጮኸችብኝ። ከዚያ ፎቶዎቹን አየችና ትስቅ ጀመር።

"ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ነው የከረምኸው! ይኼ ካሜራ የሚያየው መሀል ላይ ያለውን ነው። እነዚህ ሰዎች መሀል ግድግዳ እንጂ ሰው የለም። ተጣልተው ነው?"

"አልተጣሉም" አልሁ።

"እንግዲያ አጠጋጋቸው። እምቢ ካሉህ ካሜራውን አንዳቸው ላይ አነጣጥር፣ ቁልፉን በግማሽ ተጭነህ ያዝ፣ ሳትለቅ ወደ መሀል መልሰህ አንሳ።"

አባቴን ወደ እናቴ ተጠጉ ማለት ለእኔ የማይታሰብ ነገር ነበር። ስለዚህ በግማሽ የመጫኑን ዘዴ መንገድ ለመንገድ እየተለማመድሁ ተመለስሁ። ሚካኤል ሊገባ ቀናት ነው የቀሩት። የአባቴ ቆብ ተዘጋጅቶ ከመጻሕፍቱ ጋር ተቀምጦ ነበር።

ቆሙልኝ። ካሜራውን አባቴ ላይ አነጣጥሬ ወደ መሀል ስመልሰው አይተው "ምን እያደረግህ ነው?" አሉኝ። አስረዳኋቸው። ማሽኑ ደህና እንደሆነ፣ የሚያየው ግን መሀል ላይ ያለውን ብቻ እንደሆነ ነገርኋቸው።

"በእኔና በእሷ መካከል ያለውን ነው እንዴ ሲያይ የከረመው?"

"አዎ፣ አባዬ። እርስዎ ግን እዚያው ይሁኑ፤ ዘዴ አለው።"

ትርጓሜ ሲያጠፉ የሚያደርጉትን አደረጉ፤ ጺማቸውን ጨብጠው መሬት መሬት አዩ። "እንግዲያ ምልክት አልነበረም፤ የእኛው አቋቋም ነው" አሉ። ከዚያ እናቴ ወዳለችበት ሄዱና ትከሻቸውን ከትከሻዋ አገጣጥመው ቆሙ።

እናቴ ደነገጠች። "ኧረ መሪጌታ! ምን ነካዎት፣ ሰው ያያል!"

"ይይ። እስከ ሚካኤል ድረስ ባልሽ ነኝ" አሏት።

ካሜራው ዝዝ አለ። አሁንም ፎቶው እንዳይበላሽ ነበር ጭንቀቴ።

አልተበላሸም። ለበዓሉ ዋዜማ አምጥቼ ለእናቴ ሰጠኋት። ሩዝ እየነፋች ነበር፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። የአባቴ ዓይን፣ ከቅንድባቸው በላይ ያለችው ጠባሳ፣ የእሷ በእፍረት የተያዘች ሳቅ፣ ሁሉም ይታያል። ለረዥም ጊዜ ካየችው በኋላ ወደ አባቴ ዞረች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ቀና ብላ አየቻቸው።

"እኔ የፈቀድሁት ለዚያኛው ሰውዬ ነው፤ ለማይታየው። ይኼን ሰውዬ ግን አልሰጥም፣ መሪጌታ። ለነፍስ አባታችንም እነግራቸዋለሁ። ቃሌን አንስቻለሁ" አለች።

የምገባበት ጠፋኝ። አባቴ መቋሚያቸውን አንስተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ወደ ማታ ተመልሰው እደጃፉ ላይ እግራቸውን እየታጠቡ "የሩዙ አጨዳ ሰው ተገኘለት ወይ?" ብለው ጠየቋት። እናቴ "ይገኛል" አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ምንኩስና በቤታችን ሲነሳ አልሰማሁም።

በደብሩ ግን ተነስቷል። "ከእግዚአብሔር ነጥቃ አስቀረቻቸው" የሚሏት ሴቶች ነበሩ፤ በሰንበቴ አጠገቧ መቀመጥ የተውም ነበሩ። እሷ ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። አባቴ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ አስተማሩ፤ በቤታቸው፣ በአልጋቸው ላይ አረፉ። አንዳንዴ ወደ ማታ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መልሰው ሲቀመጡ አያቸው ነበር። ያ ፎቶ ባይጠራ ኖሮ የተመኙትን ያገኙ ነበር እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ ስለጠራ አመሰግናለሁ። ሁለቱንም እኩል አምናቸዋለሁ፤ አንዱን ልጥል ስንት ጊዜ ሞክሬ አልቻልሁም።

እናቴ ዛሬም አለች፤ ዕድሜ ቢጫናትም ልቧ ያው ነው። ይኼን መጻፍ ስጀምር ወርጄ ጎኗ ተቀመጥሁና እስከ ዛሬ ያልደፈርሁትን ጠየቅኋት።

"እማ፣ ባስቀረሻቸው ተጸጽተሽ ታውቂያለሽ?"

ከሜዳው ከብቱ እየገባ ነበር፤ አቧራው እስኪያልፍ ጠበቀች።

"ሊያርፉ ሲሉ እጄን ያዙና 'አንቺ ባታስቀሪኝም እኔው እቀር ነበር' አሉኝ" አለች። "እውነታቸውን ይሁን አላውቅም። ዋሽተው ከሆነም፣ መሪጌታ በዕድሜያቸው የዋሹት ያችን አንዲት ነች። እሷንም ለእኔ ብለው።"