ቃል የማያሳጥሩት አስተርጓሚ፣ ጋሽ ሀንዲሶ

ጋሽ ሀንዲሶ ማረፋቸውን የነገረችኝ ጎረቤታቸው ናት። ሆሳዕና ከሚገኘው ቢሯችን በር ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማ፣ «ጠዋት በራቸው ሳይከፈት ሲቀር ገፍተን ገባን፤ በተኙበት አርፈዋል» አለችኝ። አብሯቸው ማን ነበር ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ባለቤታቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ልጅም አልነበራቸውም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሰውን ከሰው ሲያነጋግሩ የኖሩ ሰው፣ የመጨረሻ ቃላቸውን የሰማላቸው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው፤ ይበልጡን ግን የምታውቋቸው ለሚመስላችሁ።

ጋሽ ሀንዲሶ የፎንቆ አካባቢ ተወላጅ ነበሩ። እናታቸው የአንጋጫ ሰው ስለነበሩ ሀዲይኛንና ከምባትኛን ከቤት፣ አማርኛን ከትምህርት ቤት አገኙ። በወጣትነታቸው በአንድ የሚሲዮን ክሊኒክ ድሬሰር፣ ማለትም የሐኪም ረዳት፣ ሆነው ሲሠሩ በሐኪሙና በበሽተኛው መካከል ያስተረጉሙ ነበር። ኋላ ወደ እኛ መሥሪያ ቤት ተዛውረው የልማት ሠራተኞች አስተርጓሚ ሆኑ። እኔ ከአዲስ አበባ ተመድቤ ስመጣ ከሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ቃል አላውቅም ነበር። ጆሮዬም አፌም እሳቸው ነበሩ።

«ቢረዝምም ሁሉንም እነግርሻለሁ፤ አትቸኩዪ» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «ክሊኒክ ሳለሁ በሽተኛው ያለውን ለሐኪሙ አሳጥሬ ነግሬው፣ ያላመመውን ቦታ ሲያክም አይቻለሁ።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ፎንቆ አጠገብ ባለ አንድ የገበሬ ማኅበር ነው። ምንጭ ለማጎልበት ዕቅድ ይዘን ሄደን ነበር። ወንዶቹ ከፊት ተቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሴቶቹ ከኋላ ዝም ብለዋል። እኔ ስብሰባው የተሳካ መስሎኝ ወረቀቴን መሰብሰብ ስጀምር ጋሽ ሀንዲሶ ተነሡና «ከዚህ ሆኜ ሁሉንም አልሰማም» ብለው ሴቶቹ መካከል ሄደው ተቀመጡ። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ወይዘሮ ዘይነባ የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት መናገር ጀመሩ፤ ጋሽ ሀንዲሶም ቃል በቃል አቀበሉኝ።

«ምንጩን ብትሠሩት ደስ ይለናል ይላሉ። ግን ከብቱ ቀድሞ ገብቶ ያደፈርሰዋል፤ አጥር ብታጥሩበትም ጥሶ ይገባል ይላሉ። መጀመሪያ ለከብቱ ማጠጫ ገንዳ ሥሩ ይላሉ። ደግሞ የጠየቃችሁን ከወሰናችሁ በኋላ ነው ይላሉ።» ከዚያ ጥቂት ፈገግ ብለው ጨመሩ፦ «ልጅቷ ድምፅዋ ያምራል ይላሉ።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ዕቅዱም ተለወጠ። ገንዳው መጀመሪያ ተሠራ፤ ድንጋዩን ወንዶቹ፣ አሸዋውን ሴቶቹ አመላለሱ። ምንጩን የሚጠብቁትን ሰዎችም ራሳቸው መረጡ። ከዚያ ወዲህ በሄድንበት ሁሉ ወረቀት የምናወጣው ሰዉ ከተናገረ በኋላ ሆነ። ይህን የሥራ ልማድ ያስተማረኝ ኮርስ የለም፤ ጋሽ ሀንዲሶ ናቸው።

ከዚያ የመንደር ምሥረታው መጣ። ከላይ የተላከ አንድ ባለሥልጣን፣ እኔም ባለሁበት፣ ያንኑ ማኅበር ሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ቤቱን አፍርሶ በተተለመው መስመር ላይ እንዲሠራ ተናገረ። ጋሽ ሀንዲሶ እንደ ልማዳቸው አንድም ቃል ሳያስቀሩ በሀዲይኛ አሰሙ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር፤ የገዛ ዘመዶቻቸው ናቸው ፊት ለፊታቸው የተቀመጡት። አቶ ኤርጫፎ የተባሉ አዛውንት ተነሥተው ረጅም ንግግር አደረጉ።

«ባጭሩ ምን አለ?» አለ ባለሥልጣኑ።

«ባጭሩ አላሉም፣ ጓድ» አሉ ጋሽ ሀንዲሶ። ከዚያም ሙሉውን ነገሩት፦ እንሰት የሚያድገው ከቤቱ ጓሮ በሚወጣው ፍግ መሆኑን፣ ለምግብ እስኪደርስም ዓመታት እንደሚፈጅ፣ ቤቱ ሲሄድ ተክሉ እንደሚቀር፣ ልጆቹም በዚያ መካከል እንደሚራቡ። «ይህን የሚያዘን ሰው ቆጮ በልቶ ያውቃል ወይ? ይላሉ» ብለው ጨረሱ።

ባለሥልጣኑ ከወንበሩ ተነሣ። «የመጨረሻውን ያልከው አንተ ነህ ወይስ እሱ?»

ጋሽ ሀንዲሶ ወደ አቶ ኤርጫፎ ዞረው አላዩም። «በአማርኛ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጓድ።»

«እንግዲያው ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል ብለህ ለቃለ ጉባኤ ያዡ ንገርና እንዝጋ።»

«ያላሉትን በእነሱ አፍ አልናገርም።»

የሚናገሩት ሁሉ በአማርኛ ስለነበር ከእኛ በቀር የገባው የለም። ሕዝቡ ያየው ጋሽ ሀንዲሶ ላንድሮቨሩ ውስጥ ከባለሥልጣኑ ጎን ሲቀመጡ ነው። ወዴት እንደሚወስዷቸው አላወቀም፤ አለቆቹን ተከትለው የሄዱ መሰለው፤ የተወሰዱት ግን ወደ እስር ቤት ነበር።

ከእስር ሲወጡ ቤቶቹ ፈርሰው፣ ሰዉ መስመሩ ላይ ሰፍሯል። ትእዛዙን ያመጣው ሰው ተመልሶ አልመጣም፤ በሰዉ ጆሮ የቀረው የጋሽ ሀንዲሶ ድምፅ ነበር። ፎንቆ ገበያ ላይ ሰላም ሲሉ ፊት ይዞርባቸው ጀመር። ለቅሶ ሲደርሱ የተቀመጡበት አግዳሚ ባዶ ይሆናል። ቀስ በቀስ ወደዚያ መሄዱን ተዉት።

«እኔ ልንገራቸው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ዝም በዪ» አሉኝ። «በኤርጫፎ ቃል ሰው እንደታሰረ ካወቁ፣ ከእንግዲህ ስብሰባ ላይ አፉን የሚከፍት አይኖርም። እኔን ይጥሉኝ፤ መናገሩን ግን እንዳይተዉ።»

ሥራቸውንም ስላጡ ሆስፒታሉ በር ላይ እየተቀመጡ፣ አማርኛ ለማይችል በሽተኛ ሁሉ ያለ ክፍያ ያስተረጉሙ ነበር። አንድ ጊዜ ከዚያው መንደር አንድ አባት የታመመ ልጁን ይዞ መጣ። ከሐኪሙ ዘንድ ይዘውት ገቡ፣ የመድኃኒቱን አወሳሰድ ደጋግመው አስረዱት። ሰውየው ልጁን አቅፎ ሳይሰናበታቸው ሄደ። ተናድጄ፣ «እንዴት ደህና ይሁኑ እንኳ አይልም?» ብላቸው፣ «ልጁ ታሞበት?» አሉ፤ ከዚያም እስኪሰወር ድረስ ቆመው አዩት።

ያረፉት የመንደር ምሥረታው ቀርቶ ሰዉ የቤቱን እንጨት ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ቦታው በሚመለስበት በዚህ ሰሞን ነው። በቀብራቸው ላይ የተገኘነው ጥቂት ነበርን፤ ከአንጋጫ የመጡት እኅታቸው፣ ጎረቤቶች፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች። አቶ ኤርጫፎም ነበሩ፤ ለእኅትየው ሲሉ ይመስለኛል፣ ራቅ ብለው ቆመዋል። እንድናገር ተጠየቅሁ። አንድ ዐረፍተ ነገር ተናግሬ እንደ ለመድኩት ዝም አልኩ፣ እስኪተረጉሙልኝ። ዝምታው ሲረዝም ነው የት እንዳለሁ የታወቀኝ። አንድ መምህር ራርቶልኝ ሊያስተረጉምልኝ ከጎኔ ቆመ። በእሱ አፍ የዚያን የስብሰባ ቀን ነገር ሁሉ ተናገርኩ።

አቶ ኤርጫፎ ቀረብ ብለው በመምህሩ በኩል ጠየቁኝ። «ያልኩትን ሁሉ ብሎልኛል?»

«ሁሉንም ብለውልዎታል።»

«ቆጮውንም?»

«እሱንም።»

አዛውንቱ አፈሩ ላይ ተቀመጡ። «ታዲያ ለምን አልነገረንም?» አሉ። ምክንያቱን ነገርኳቸው። ሰዉ ሲበተንም ከዚያ አልተነሡም።

ጋሽ ሀንዲሶ፣ እስከ ዕለተ ሞትዎ ዝም ብያለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አልቻልኩም፣ ይቅር ይበሉኝ። የስንቱን ሐሳብ ሲነግሩኝ የራስዎን ምን ይመስልዎታል ብዬ የጠየቅኩዎ ጥቂት ጊዜ ነው፤ አሁን ብጠይቅ የሚመልስልኝ የለም። በሰላም ይረፉ። ከእርስዎ በኋላ ይህ አገር በሦስቱም ቋንቋ ዝም ብሎብኛል።