የጋሼ ሰንጢ ከጀሞ እስከ ፉሪ

በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ከጀሞ የተነሳሁት የአማቴን ሰንጢ ለማሠራት ነው። አማቴ ጋሽ ደምሰው ለበዓል ከደብረ ብርሃን መጥተዋል። ጾም ሲፈታ ጥሬ ሥጋውን በራሳቸው ሰንጢ ቆርጠው ካላጎረሱን በዓሉ በዓል አይመስላቸውም። ዘንድሮ ሰንጢውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ይቺ ነገር አስቸግራኛለች፤ ለነገ አሠራልኝ» አሉኝ። ልጃቸውን ሰናይትን ካገባሁ ጀምሮ አምነው አንድ ነገር ሲሰጡኝ የመጀመሪያቸው ስለሆነ ደስ አለኝ።

ስሞክረው ሰንጢው አልታጠፍም አለ። ስለ ሰንጢ መቆለፊያ ታሪክ ከኢንተርኔት ያላነበብኩት የለምና ምርመራዬ ፈጣን ነበር። የጀርባው መቆለፊያ ነክሶ ቀርቷል።

ጀሞ፣ ታክሲ ተራ

ስለቱ እንደተገተረ ልገባ ስል ረዳቱ በሩ ላይ ቆመብኝ።

«ወንድም፣ እሱን መዘህማ አትገባም።»

ከጉልት አንድ ጥቅል ጎመን ገዛሁና ሰንጢውን ልሰካበት ሞከርኩ። እምቢ ሲል በደረቴ ተደግፌ እስከ እጀታው ገፋሁት። ጎመኑ ጠንካራ ነው ብዬ አለፍኩት። ረዳቱም «አሁን አስቤዛ ሆነ፤ ግባ» አለኝ።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ጎመኑ ምን አድርጎህ ነው?» አሉኝ። እስከ መካኒሳ አስረዳኋቸው። በጥንት ሮማውያን ዘመንም የሚታጠፍ ቢላ ነበር፤ ብዙው ግን መቆለፊያ የለውም፤ የተዘናጋ ጣቱን ይቆርጣል። ቆይቶ ከጀርባው ሞላ ገባለት፤ ሞላው ስለቱን ይጫነዋል እንጂ አይቆልፈውም። ከዚያ እንደ ጋሼ ሰንጢ ያለው መጣ፤ የጀርባው ብረት ስለቱ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ውስጥ ይገባና እስኪጫኑት ድረስ አይለቅም። አንገቱ ላይ ቀለበት እያዞሩ የሚቆልፉትም አለ። «በኋላ ደግሞ እጀታው ውስጥ ያለ ስስ ብረት ወደ ጎን ተስቦ…» ስል ሴትዮዋ «ወራጅ አለ» አሉ። መውረጃቸው እዚያ ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም።

መካኒሳ አቦ

የተበላሸው መቆለፊያ ነው ብዬ ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ሄድኩ። ሰውዬው ጎመኑን አገላብጦ አየና «የበር ነው የመኪና?» አለኝ። «የሰንጢ» ስለው ፉሪ ብረት የሚሠሩ ጋሽ ከድር የሚባሉ ሰው ጠቆመኝ። ጎመኔን ታቅፌ በመጣሁበት ተመለስኩ።

ፉሪ

ጋሽ ከድር ሰንጢውን ከጎመኑ ነቀሉና ናፍጣ ጠብ አደረጉበት። የጀርባውን ብረት በትንሽ መዶሻ ነካ ነካ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ታጠፈ። ይዞት የኖረው የደረቀ ጮማ ነበር።

«ስለቱንስ…» ብለው ሲጀምሩ የሞላውን ታሪክ ጀመርኩላቸው። «ሞረዱ እዚሁ ነው…» ሲሉኝ ቀለበቱ ላይ ደርሼ ነበር። ከዚያ በኋላ አልሞከሩም።

«በል መልካም በዓል፤ አማትህን ሰላም በልልኝ» ብለው ሸኙኝ።

ጀሞ፣ ቤት

በማግስቱ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት ጋሼ ሰንጢውን ዘረጉ፤ ቀጭ አለ። አጠፉት፤ ዘረጉት። እኔም ኮራሁ። ስለቱን ሥጋው ላይ ሲስቡት ሥጋው ተጎተተ እንጂ አልተቆረጠም። ደግመው ሲስቡ ሳህኑ አብሮ መጣ። ሰናይት ጣሪያ ጣሪያ ታያለች።

«ልጄ፣ እኔ እኮ አልቆርጥ ብላኝ ነበር። መታጠፉንማ ከተወች ቆየች፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የምይዛት» አሉ።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ የተማርኩት፣ ከቤት ሳልወጣ «ምን ሆነች?» ብዬ መጠየቅ እንደነበረብኝ ነው።

ሰናይት የወጥ ቤት ቢላ ልታመጣ ስትነሳ ጋሼ ከለከሏት። በሰው ቢላ ቆርጠው አያውቁም። ጥግ ላይ ሆዱ የተበሳ ጥቅል ጎመን ተቀምጦ አዩ።

«በሉ እሱን ሥሩልኝ» አሉ። «ጎመን በጤና።»

ጎመኑ ሲቀርብ መጀመሪያ ያጎረሱት እኔን ነው።